«ዜሮ» ብሎ ሪፖርት መላክ ለማን ይጠቅማል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። አንደኛዋ ጠያቂ በገጠር ቀበሌ የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ሁለተኛው በሄርመታ የቡና ነጋዴ፣ ሦስተኛው ደግሞ የማኅበረሰብ ጤና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የሚተዋወቁ አይመስለንም፤ ሆኖም ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ስናነባቸው ሦስቱም ወረርሽኝ መነሣቱን ማን፣ መቼና በምን እንደሚያውቅ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ዞን ባለ አንድ ጤና ኬላ ማገልገል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን የበሽታ ሪፖርት እልካለሁ። ከወባ በስተቀር የምሞላው ሁሉ ዜሮ ነው፤ ኩፍኝ ዜሮ፣ ኮሌራ ዜሮ፣ ቢጫ ወባ ዜሮ። ኔትወርክ ሲጠፋ ከኬላው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቼ በስልክ የማስመዘግብበት ጊዜ አለ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ‹የላክሽው ደርሶናል፣ ይህን አየንበት› ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም፤ የሚደወልልኝ ስዘገይ ብቻ ነው። ዜሮ ለመላክ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?»

መልስ፦ ቅሬታዎ እውነት ስለሆነ አላስተባብለውም። ቁጥር ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚፈስበት፣ መልስ ግን የማይመለስበት አሠራር ባለሙያን ያሰለቻል፤ የሰለቸ ባለሙያ ደግሞ ቁጥሩን ከመቁጠር ይልቅ መገመት ይጀምራል። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ ለድጋፍ ጉብኝት ሄጄ የሳምንታዊ ሪፖርቱን ፋይል ስገልጥ፣ በሁሉም ሣጥኖች ውስጥ ዜሮ አስቀድሞ የተጻፈበት ቅጽ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ፣ ቀንና ፊርማ ብቻ እየተጨመረበት ሲላክ አገኘሁ። የሠራው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ የሚያነብለት እንደሌለ ስለተረዳ ነው።

ይሁንና የእርስዎ ዜሮ ከዝምታ ይለያል። ከአንድ ወረዳ ጤና ኬላዎች ሰኞ ዕለት ግማሾቹ ሪፖርት ሳይልኩ ቢቀሩ፣ የወረዳው ባለሙያ በእነዚያ ቀበሌዎች በሽታ የለም ይበል ወይስ ሪፖርት አድራጊዋ ታማ፣ መንገድ ተቆርጦ ወይም ስልክ ጠፍቶ ይሆን? ዜሮው «አይቻለሁ፣ ፈልጌአለሁ፣ አላገኘሁም» የሚል የምስክርነት ቃል ነው። የቅኝት ሥራ፣ ማለትም በሽታን በየጊዜው የመከታተል ሥራ፣ በመጀመሪያ የሚመዘነው በተገኙት ሕሙማን ብዛት ሳይሆን ሪፖርቱ ከሚጠበቅባቸው ተቋማት ስንቶቹ በወቅቱ ላኩ በሚለው መሆኑም ለዚህ ነው።

ዜሮ ራሱ የሚጠረጠርበትም ጊዜ አለ። የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከዛለ ወዲያውኑ እንዲመዘገብና የሰገራ ናሙናው እንዲመረመር ይፈለጋል። የልምሻው ቫይረስ በሌለበትም አገር ቢሆን በሌሎች ምክንያቶች በየዓመቱ ጥቂት ልጆች እንዲህ ያለ መዛል ስለሚደርስባቸው፣ በአፍሪካ በዚህ ዕድሜ ክልል ካሉ 100,000 ልጆች ቢያንስ 2 እንዲገኙ ይጠበቃል። ብዙ ሕዝብ ያለው ዞን ዓመቱን ሙሉ አንድም አላየሁም ካለ፣ የሚመሰገን ሳይሆን የሚጎበኝ ዞን ነው። ማለትም ሥርዓቱ ዐይኑ መሥራት አለመሥራቱን የሚፈትነው፣ መኖሩ በማይቀረው ነገር ነው።

አሁን ወደ ራስዎ ግድግዳ እንምጣ። በኬላዎ ውስጥ የወባ መከታተያ ገበታ ተለጥፎ መሆን አለበት፤ ከታች 52 ሳምንታት የተደረደሩበት፣ ወደ ላይ የሕሙማን ቁጥር የሚወጣበት ወረቀት ማለቴ ነው። ብዙ ቦታ ከበሩ በስተኋላ ተሰቅሎ፣ በሩ ሲከፈት የሚሸፈን፣ መስመሩም መስከረም ላይ ደርሶ የቆመ ሆኖ አይቼዋለሁ። ገበታው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በያዝነው ሳምንት ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት የተመዘገቡት ቁጥሮች ለምሳሌ 6፣ 11፣ 9፣ 23 እና 14 ቢሆኑ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ 6፣ 9፣ 11፣ 14፣ 23 ይሆናሉ። የማንቂያው መስመር ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር፣ ማለትም 14 ነው። ትልቁ የማይወሰድበት ምክንያት 23 የተመዘገበበት ዓመት ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ሊሆን ስለሚችልና በእርሱ ከተለካ ቀጣዩ ወረርሽኝ ከመስመሩ በታች ተደብቆ ሊያልፍ ስለሚችል ነው። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት 17 ካገኙ፣ ወረዳው እስኪደውል ሳይጠብቁ እርስዎ ይደውላሉ። የአምስት ዓመት መዝገብ የሌለው አዲስ ኬላ ደግሞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያይቶ ቁጥሩ እጥፍ መሆን አለመሆኑን ያያል።

ስለዚህ የሪፖርቱ የመጀመሪያ አንባቢ ወረዳው ወይም አዲስ አበባ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። እንደ ኮሌራ፣ ቢጫ ወባና ደም የሚያፈስስ ትኩሳት ያሉት ደግሞ ሰኞን አይጠብቁም፤ አንድ ተጠርጣሪ እንኳ ሲገኝ ጤና ተቋሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው፣ ወረዳውም በሌላ 30 ደቂቃ ለዞኑ እንዲያሳውቅ የአገራችን መመሪያ ያዛል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በጂንካ ደም ከሚያፈስሱት ትኩሳቶች አንዱ የሆነው የማርበርግ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መከሠቱ ሲገለጽ፣ ለዓመታት ዜሮ ሲሞላበት የኖረ ሣጥን ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ሁለት አገሮችን ላነጻጽር። በጊኒ ገጠር የመጀመሪያው የኢቦላ ታማሚ ነበር የሚባለው ሕፃን የሞተው እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ በሽታው ኢቦላ መሆኑ በላቦራቶሪ የታወቀው በማርች 2014 ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት ቫይረሱ ከመንደር ወደ መንደር፣ ከዚያም ወደ ከተማ ተጓዘ፤ ወረርሽኙ ሲያበቃ በምዕራብ አፍሪካ ከ28,600 በላይ ሰዎች ተይዘው ከ11,300 በላይ ሞተው ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 20 አንድ ኢቦላ የያዘው መንገደኛ በአውሮፕላን ሌጎስ ገባ። ሌጎስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የታጨቀባት ከተማ ስለሆነች ብዙዎች መዓት ጠብቀው ነበር። ናይጄሪያ ግን ለልጅነት ልምሻ ዘመቻ ያቋቋመችውን የአስቸኳይ ምላሽ ማዕከል አሠራርና ባለሙያዎች ወዲያው ወደዚህ አዞረች፤ ወደ 900 የሚጠጉ ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄደች ተከታተለች፤ በጠቅላላው 20 ሰዎች ታመው 8 ሞቱ፤ በኦክቶበር 20 ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። ያን ቤት ለቤት መከታተል የሠሩት ለክትባት በር ማንኳኳት የለመዱ፣ የእርስዎን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

የእኛ ደቡብ ምዕራብም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ተፋሰሶች የተነሣው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰዎችን ይዞ 30,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ቁጥሮቹ እንዲህ ድፍን የሆኑት የሚቆጥር ስላልነበረ ነው። በዚያ ዘመን በየቀበሌው ሰኞ ሰኞ ዜሮ የሚል ሰው አልነበረም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

መልስ ስለማጣትዎ የምመክረው ይህ ነው። በወረዳ ስብሰባ ላይ የሁሉም ኬላዎች ሳምንታዊ ቁጥር በአንድ ገጽ ተጠቃሎ እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ወይም አንድ የቴሌግራም መልእክት ነው። የጎረቤት ቀበሌ ወባ መጨመሩን ከወረዳው ሳይሆን ከገበያተኛ የምትሰሙ ከሆነ ጉድለቱ የወረዳው ነው፤ ይህንንም በትሕትና ግን በግልጽ መናገር ይገባል።

ጥያቄ፦ «በሄርመታ ቡና እነግዳለሁ። አገራችን ለወረርሽኝ ያላት ዝግጁነት ዝቅተኛ ነው ሲባል በቴሌቪዥን እሰማለሁ። በኮሮና ጊዜ ግን አንደኛ የተባሉት አገሮች ከእኛ የባሰ ሰው አለቀባቸው። ታዲያ ዝግጁነት የሚባለው በእርግጥ ያለ ነገር ነው ወይስ ሁሉም የፈጣሪ ፈቃድ ነው?»

መልስ፦ የፈጣሪን ፈቃድ ለሃይማኖት አባቶች ልተውና በደረጃው ላይ ያለዎትን ጥርጣሬ ልደግፍ። እ.ኤ.አ. በ2019 የ195 አገሮችን የጤና ደኅንነት የመዘነው ዓለም አቀፍ መለኪያ አሜሪካን አንደኛ፣ ብሪታንያን ሁለተኛ አድርጎ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ኮሮና መጣ፤ አሜሪካ ብቻዋን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አጣች። መለኪያው ላቦራቶሪዎችን፣ ሕጎችንና ዕቅዶችን ቆጠረ፤ መሪዎች በላቦራቶሪው ውጤት መሠረት በወቅቱ ይወስናሉ ወይ፣ ሕዝቡስ የሚነገረውን ያምናል ወይ የሚለውን ግን መመዘን አልቻለም።

በእኛ በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተመዘገበው ሞት ከሀብታሞቹ አገሮች ያነሰው በከፊል ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት ስለሆነ ነው፤ በሽታው አብዝቶ የገደለው አረጋውያንን ነበርና። በከፊል ደግሞ በቤቱ ሞቶ በዕድሩ የተቀበረ ሰው የሞቱ ምክንያት በየትም መዝገብ ስለማይገባ ነው። የሞቱት አነስተኞች ናቸው ማለትና የተቆጠሩት አነስተኞች ናቸው ማለት ይለያያሉ። እርስዎ ሚዛኑ መፈተሹን ሳያዩ በፈረሱላ ቡና አይገዙም፤ ይህንንም ቁጥር እንዲሁ ይያዙት።

ትዝታ ብቻውንም ዝግጁነት አይሆንም። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ስለነበር ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ እንጂ ከቆሻሻ ክምር አይመጣም። መንደር ማጽዳቱ ለሌላ በሽታ ይጠቅም ይሆናል፤ ጭሱ ግን ያን በሽታ አይከላከልም። መቶ ዓመት ያለፈው ትዝታ ሳይጠፋ የመተላለፊያ መንገዱ መረሳቱ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ «በጅማ የማኅበረሰብ ጤና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ወባ በጅማ ዞን ወረዳዎች እንዴት እንደሚዛመት የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርቼ፣ የጤና ተቋማቱን የወረርሽኝ ዝግጁነት አብሬ ማጥናት አስቤአለሁ። አማካሪዬ ‹ሰፊ ነው፣ አጥብበው› ይሉኛል። ከየት ልጀምር? የወረዳ ሪፖርቶችን ማመን ይቻላል? መጠይቁንስ በአማርኛ ማዘጋጀት ይበቃል?»

መልስ፦ አማካሪዎ ትክክል ናቸው። ርዕሱ ወቅታዊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ለዓመታት ሲቀንስ የነበረው ወባ አገርሽቶ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ነገር ግን ሞዴል የሚበላውን ነው የሚተፋው፤ መጀመሪያ ምን እንደሚያበሉት ይወቁ።

በወረዳ ሪፖርት ላይ ያለው «የወባ ሕሙማን» ቁጥር ወደ ተቋሙ የመጡ፣ ተመርምረው የተገኘባቸውና በመዝገቡ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ቁጥር ነው። ከመድኃኒት መደብር ኪኒን ገዝቶ የተመለሰው ሰው የለበትም። የመመርመሪያው ኪት ባለቀበት ሳምንት ቁጥሩ ሲወርድ በሽታው የቀነሰ ይመስላል። ኪቱ ቢኖርም እንኳ፣ በአብዛኛው የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ሲሆን፣ ያን ፕሮቲን የማያመነጩ ተውሳኮች በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች መኖራቸው ተረጋግጧል፤ እነዚህን ይዞ የመጣ ታማሚ በኪቱ «ነጻ» ይባላል። በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ጤና ጣቢያዎችን ቁጥር በኪት ከሚመረምሩ ኬላዎች ቁጥር ጋር ሳይለዩ መደመር የሌለብዎት ለዚህ ነው።

አካፋዩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ከሺህ ሰዎች ይህን ያህል» ለማለት የሕዝቡን ብዛት ማወቅ ግድ ነው፤ የአገራችን የመጨረሻ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ወረዳዎች የሚጠቀሙት በየዓመቱ በመቶኛ እየተጨመረበት የመጣ ግምት ነው። በጅማ ዞን ደግሞ ሕዝቡ ዓመቱን ሙሉ ባለበት አይቆይም። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው የወባ ወቅት ነው፤ ቀይ ቡና የሚለቀመውም በዚያው ሰሞን ነው። ወባ ከማይበዛበት ደጋ ለለቀማ የወረደ፣ ሰውነቱ በሽታውን ያልለመደ ሠራተኛ አጎበር በሌለበት ዳስ አድሮ ታሞ ሲመጣ ሕመሙ በቆላው ወረዳ ላይ ይመዘገባል፤ እርሱ ግን በወረዳው ሕዝብ ግምት ውስጥ የለም። ታክሞ ሳይድን ቢመለስ ደግሞ ተውሳኩን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሳያስቡ ወረዳዎችን በቀለም የሚለይ ካርታ ቢሠሩ፣ የሚያዩት የቡናውን ካርታ ይሆናል።

ቦታን በተመለከተ ዕድለኛ ነዎት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ አካባቢ የመስክ ምርምር ማዕከል ስላለው፣ ከሰኮሩ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከጢሮ አፈታና ከቀርሳ የተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ሲመዘገቡ ቆይተዋል፤ እዚያ አካፋዩ ግምት ሳይሆን ቆጠራ ነው። በግድቡ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ ያሳዩ ጥናቶችም ከዚሁ አካባቢ ወጥተዋል። ሐይቁ ሲሸሽ በዳርቻው የሚቀሩት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎችና በጭቃ ላይ የሚቀረው የከብት ኮቴ ለዋናዋ የወባ ትንኝ፣ ለአኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ የተመቹ ናቸው። ከዚህ ልማድ የምትወጣ ሌላ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች፤ የምትራባው በከተማ፣ በበርሜልና በሮቶ ውስጥ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትና በየግቢው በርሜል የሚሞላበት ከተማ ነዋሪ እንደመሆንዎ ይህን ልብ ይበሉ፤ ለአሁኑ ጥናትዎ ግን አይጨምሩት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሞዴሉን ለዶክትሬት አቆይቼ አንድ ጥያቄ ብቻ እይዝ ነበር፦ የኬላው የወባ ቁጥር የማንቂያውን መስመር ከተሻገረበት ቀን ጀምሮ ወረዳው እስኪያውቅ ስንት ቀን፣ ካወቀ በኋላ መድኃኒት፣ ርጭት ወይም ቡድን እስኪደርስ ስንት ቀን አለፈ? በዓለም ደረጃ አሁን የሚጠቀስ አንድ ግብ አለ፤ ወረርሽኝ በተነሣ በ7 ቀን ውስጥ እንዲታወቅ፣ በ1 ቀን ውስጥ እንዲነገር፣ በቀጣዩ 7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ምላሽ እንዲጠናቀቅ። ያን መለኪያ በጥቂት ኬላዎች ላይ አውሎ የት ቦታ ቀኖቹ እንደሚባክኑ ማሳየት ዝግጁነትን ከየትኛውም ደረጃ በተሻለ ይገልጻል። ለሥራው የሚያስፈልግዎ የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ፣ የሳምንታዊ ሪፖርቱ ቅጂና የመድኃኒት ክፍሉ ቢን ካርድ፣ ማለትም የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ ነው። የአንድ ሳምንት ሕሙማንን ከመዝገቡ በጣትዎ እየተከተሉ ይቁጠሩና ከተላከው ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱን ሲያዩ ሪፖርቱን ምን ያህል ማመን እንደሚቻል በራስዎ ይመልሳሉ። ቢን ካርዱ ደግሞ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ያለቀበትን ቀን ይነግርዎታል፤ ከላይ የጻፉልን ባለሙያ ከሚልኩት ዜሮ የተለየ፣ ማንም በወቅቱ ያላነበበው ሌላ ዜሮ ነው።

ዝግጁነትን በመጠይቅ ብቻ አይለኩት። «ለወረርሽኝ ተዘጋጅታችኋል?» ብለው ቢጠይቁ አዎን የማይልዎት ኃላፊ የለም። ዕቅዱን ያሳዩኝ፣ የፈጣን ምላሽ ቡድኑ አባላት ስም ዝርዝር የት አለ ይበሉ፤ ከዝርዝሩ ላይ ሁለት ስልክ ይደውሉ። አንዱ ተዛውሮ ሌላ ወረዳ ከገባ ሁለት ዓመት እንደሆነው ሊነግርዎት ይችላል።

ስለ ቋንቋው፣ አማርኛ ብቻ አይበቃም። በገጠሩ የሚያነጋግሯቸው አብዛኞቹ በአፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ስለሆኑ መጠይቁን ያስተርጉሙ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰውና ሁለቱን ያስተያዩ። ቃላቱ ሲተረጎሙ እንኳ በሽታው ላይተረጎም ይችላል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅዎ ትኩሳት ነበረው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጇን ምች መቶት ዳማከሴ አሽታ ያሻረች እናት «አልታመመም» ልትልዎት ትችላለች፤ ለእርሷ ምች ጤና ኬላ የሚያስኬድ ትኩሳት አይደለምና። ስለዚህ ምችንም፣ በአፋን ኦሮሞ ወባ የሚጠራበትን ቡሳንም፣ ብርድ ብርድ ማለትንም በየስማቸው ይጠይቁ። የሙከራ ጥያቄውን በጥናቱ ውስጥ በማይገባ ቀበሌ፣ ለቀማው ሳይጀመር በመስከረም ያድርጉት፤ በኅዳር ከሄዱ ቀን ቀን የሚያገኙት የተዘጋ በርና በግቢው የተሰጣ ቡና የሚጠብቁ ልጆችን ብቻ ነው።